ምዕራፍ ሰባት፦ አክሲዮኑ በዛ፤ ሀብቱስ?

የኢትዮጵያ ባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ኦዲተር መርምሮ፣ ቦርድ ፈርሞ፣ የጉባኤው ጥሪ በጋዜጣ ወጥቶ ባለአክሲዮኖች የአዲስ አበባን አዳራሾች የሚሞሉት አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሪፖርት ይነበባል፣ አስተያየት ይሰነዘራል፣ ምሳ ይቀርባል። ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመው ግን አንድ አጀንዳ ላይ ሲደረስ ነው፦ የዘንድሮው ትርፍ ይከፋፈል ወይስ ወደ ካፒታል ይዙር?

በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ከተማ የሆነችው ኮን ከዚያ አዳራሽ ከአንድ ቀን የማያንስ መንገድ ትርቃለች። በኮን ገበያ ምስርና ገብስ እየሰበሰበች የምትነግድ አንዲት ሴት እናስብ። በአንድ ባንክ ውስጥ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የተጻፈባቸው 40 አክሲዮኖች አሏት። ጉባኤ የሚገባላት፣ ውክልና የሰጠችው የወንድሟ ልጅ ነው። ጉባኤው ያለቀ ዕለት ማታ ይደውላል።

«አክስቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ! አክሲዮንዎ ከ40 ወደ 50 አደገ።»

«እሰይ! ብሩ መቼ ይገባል ታዲያ?»

«ብር እንኳ የለውም። ትርፉ ወደ ካፒታል ዞረና 10 ቦነስ አክሲዮን ተጨመረልዎ።»

«አሃ! ታዲያ ምኑ ነው ደስ ያለን?»

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ቦነስ አክሲዮን ለባለአክሲዮን እውነተኛ ሀብት ይፈጥራል? አጭሩ መልስ «አይፈጥርም» ነው። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጠቅማል፤ ሀብት ሳይፈጥርም የእርስዎ ሀብት ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ሊያግድ ይችላል፤ አንዳንዴም ያንን ማገድ ያቅተዋል።

ክምሩ ያው፣ ስፍሩ ሌላ

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ባንኩ 4 ቢሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል አለው እንበል፤ ይህም 4 ሚሊዮን አክሲዮን ነው። ከዚህ ሌላ በመጠባበቂያና ባልተከፋፈለ ትርፍ መልክ 2.4 ቢሊዮን ብር ይዟል። ድምሩ፣ ማለትም የባለአክሲዮኖች ሀብት፣ 6.4 ቢሊዮን ብር ነው። ለ4 ሚሊዮን ሲካፈል የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ 1,600 ብር ይሆናል። የነጋዴዋ 40 አክሲዮኖች በመዝገብ 64,000 ብር ያወጣሉ።

ጉባኤው ካልተከፋፈለው ትርፍ 1 ቢሊዮኑን ወደ ካፒታል አዞረና ለየ4 አክሲዮን 1 ቦነስ አክሲዮን ሰጠ። አሁን ካፒታሉ 5 ቢሊዮን፣ የአክሲዮኑ ብዛት 5 ሚሊዮን ነው። መጠባበቂያና ያልተከፋፈለው ትርፍ ወደ 1.4 ቢሊዮን ወረደ። ድምሩስ? ያው 6.4 ቢሊዮን። የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ 1,280 ብር ሆነ። ነጋዴዋ 50 አክሲዮን አላት፤ 50 በ1,280 ሲባዛ 64,000 ብር።

ከባንኩ ካዝና አንዲት ብር አልወጣችም፣ አንዲት ብርም አልገባችም። አውድማ ላይ ያለ የገብስ ክምር በትልቁ ቁና ሲሰፈር 40፣ አነስ ባለው ሲሰፈር 50 ቢወጣው ጎተራ የሚገባው እህል አይጨምርም። የነጋዴዋ የባለቤትነት ድርሻም አልተነቃነቀም፤ 40 ከ4 ሚሊዮን እና 50 ከ5 ሚሊዮን እኩል ናቸው።

የሒሳብ ባለሙያዎችም ይህን በደንብ አድርገው አስረውታል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መነሻነት ባንኮቻችን የሚከተሉት ዓለም አቀፉ የሒሳብ አዘጋገብ ሥርዓት፣ በስታንዳርድ ቁጥር 33፣ ቦነስ አክሲዮን በወጣ ጊዜ የቀደሙት ዓመታት «ትርፍ በአክሲዮን» በአዲሱ የአክሲዮን ብዛት እንደገና እንዲሰላ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአክሲዮኑ ብዛት ሲጨምር ወደ ድርጅቱ የገባ ገንዘብ ስለሌለ፣ ሁለቱን ዓመታት በተለያየ ስፍር ማወዳደር ያሳስታል። የእኛ ባንክ አምና 1.2 ቢሊዮን፣ ዘንድሮ 1.3 ቢሊዮን ብር አተረፈ እንበል። አምና በ4 ሚሊዮን ሲካፈል 300 ብር፣ ዘንድሮ በ5 ሚሊዮን ሲካፈል 260 ብር ነው። ሪፖርቱን ገረፍ አድርጎ ያነበበ ሰው «ትርፋችን ወደቀ!» ብሎ እጁን ያወጣል። አምናም በ5 ሚሊዮን ሲካፈል ግን 240 ብር ነበር፤ ስለዚህ አድጓል። በነጋዴዋ ቤት ሲሰላ አምና 40 በ300፣ 12,000 ብር፤ ዘንድሮ 50 በ260፣ 13,000 ብር። ያደገው 1,000 ብር የመጣው ባንኩ የበለጠ ስላተረፈ ነው፤ ቦነሱ እጁ የለበትም።

ታዲያ ባንኮች ለምን ይወዱታል?

አንደኛው ምክንያት የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ሆኖ የተቋቋመው አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ነበር የተነሣው። ለአንድ ባንክ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል ቆየት ብሎ 75 ሚሊዮን፣ ከዚያ 500 ሚሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 5 ቢሊዮን ብር ሆነ፤ ነባር ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ድረስ እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። ቃሉን ልብ ይበሉ፤ የሚለካው *የተከፈለ* ካፒታል ነው። በመጠባበቂያ ውስጥ ቢሊዮን ያለው ባንክ እንኳ በዚህ መስመር ላይ ካልተጻፈለት አላሟላም። ትርፍን ወደ ካፒታል ማዞር አዲስ ገዥ ሳይፈልጉ መስመሩን የሚሞሉበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008፣ አንቀጽ 61፣ ሳይከፋፈልና መልሶ ኢንቨስት ሳይደረግ በተቀመጠ የድርጅት ትርፍ ላይ 10 በመቶ ግብር ጣለ። ትርፉን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ስለሚያስከፍል ጉባኤው ወይ ማከፋፈል ወይ ካፒታል ማድረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ስሜት ነው። «አክሲዮንዎ በ25 በመቶ አደገ» የሚል ደብዳቤ «ዘንድሮ ጥሬ ገንዘብ አንሰጥም» ከሚለው ይልቅ ደስ ይላል። ሁለቱም ደብዳቤዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ሀብት በጸጥታ የሚሻገርበት በር

እስካሁን ያየነው ቦነስ ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ያስመስለዋል። ይህ ፍርድ የሚለዝበው ቦነስን በአገራችን ካለው ሌላ አሠራር ጋር ስናስተያየው ነው።

ባንኮች ካፒታል ሲያሳድጉ በብዛት የሚሄዱበት መንገድ እንዲህ ነው፦ የትርፍ ድርሻ ይታወጃል፤ አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ ነባር ባለአክሲዮን እንደ ድርሻው መጠን የመግዛት ቅድሚያ ያገኛል፤ ትርፉን ለዚያ ማዋል ይችላል። የአክሲዮን ክፍሉ ሠራተኛ ደውሎ «ትርፍዎን ያሳድጉታል ወይስ ይወስዱታል?» ይላል። ያልወሰደው ሰው ድርሻ ለሌሎች ይሸጣል። አዲሱ አክሲዮን የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ በተጻፈበት ዋጋ፣ በ1,000 ብር ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የባንክ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ ከተጻፈበት ዋጋ እየራቀ እንዲሄድ የሚያደርግ ሕግ አለ፤ ባንኮች በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ያስገባሉ፣ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ፤ ከዚያ በኋላ 10 በመቶ። ይህ መጠባበቂያ የነባር ባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው። አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብር የገዛ ሰው ግን ለመጠባበቂያው ሳያዋጣ የመጠባበቂያው ተጋሪ ይሆናል።

በእኛው ባንክ እንሞክረው። 1 ቢሊዮኑ በቦነስ ፋንታ በጥሬ ገንዘብ ተከፋፈለ። ለአንድ አክሲዮን 250 ብር፣ ለነጋዴዋ 10,000 ብር ይደርሳል። ግብሩን ለጊዜው እንተወው። የባንኩ ሀብት 5.4 ቢሊዮን ሆነ፤ በ4 ሚሊዮን ሲካፈል 1,350 ብር። ቀጥሎ 1 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብር ተሸጠ። ሀብቱ ተመልሶ 6.4 ቢሊዮን፣ አክሲዮኑ 5 ሚሊዮን፣ የመዝገብ ዋጋው 1,280 ብር ሆነ።

ነጋዴዋ አልገዛችም። ገንዘቡ ለልጅ ትምህርት አስፈልጓት ይሆናል፤ ወይም ማስታወቂያው የወጣበት ጋዜጣ ኮን ሳይደርስ ቀነ ገደቡ አልፎ ይሆናል። አሁን ያላት 40 አክሲዮን በ1,280፣ ማለትም 51,200 ብር፣ እንዲሁም በእጇ 10,000 ብር ነው። ድምሩ 61,200። ቀድሞ 64,000 ነበር። 2,800 ብር የት ገባ? የእሷን 10 አክሲዮን አዲስ አበባ ላይ የገዛው ሰው 10,000 ብር ከፍሎ 12,800 ብር የሚያወጣ ንብረት አገኘ፤ ልዩነቱ ያችው 2,800 ናት። ማንም አልሰረቀም፣ ሕግም አልተጣሰም። ሀብቱ ግን ከኮን ወደ አዲስ አበባ ተሻግሯል። በላዩ ላይ የገቢ ግብር አዋጁ በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ በደነገገው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር ሲታሰብ ተጨማሪ 1,000 ብር ከእጇ ይወጣል።

የድምፅ ክብደቷም ቀንሷል፤ 40 ከ4 ሚሊዮን የነበረው 40 ከ5 ሚሊዮን ሆነ። ይህ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ሲደጋገም፣ ገንዘብም መረጃም በቅርብ ያላቸው ባለአክሲዮኖች ቀስ በቀስ ባንኩን ይሰበስቡታል።

ቦነስ አክሲዮን ይህን በር ይዘጋዋል። ማስታወቂያ ያየም ያላየም፣ ገንዘብ ያለውም የሌለውም፣ ሁሉም እንደ ድርሻው በራሱ ጊዜ ይደርሰዋል። ሀብት ሳይጨምር ሀብትን በባለቤቱ እጅ ያቆያል። በሩን የሚዘጋ ሌላም መንገድ አለ፤ ሕጉ አክሲዮን ከተጻፈበት ዋጋ በላይ፣ በፕሪሚየም እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በምሳሌያችን አዲሱ አክሲዮን በ1,350 ብር ቢሸጥ ኖሮ ነጋዴዋ ባትገዛም አትጎዳም ነበር። ጉባኤ ላይ «የአዲሱ አክሲዮን መሸጫ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ትርፉ ስንት ነው?» ከሚለው እኩል መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ጥሬ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው

ቦነስ ግን የራሱ ጉድለት አለው፤ ምርጫ አይሰጥም። ነጋዴዋ ዘንድሮ 10,000 ብር ብትፈልግ ያላት መንገድ ቦነሶቹን መሸጥ ነው። ለማን? ለረጅም ዘመን የአክሲዮን ሽያጭ በአገራችን የሚፈጸመው በሰው በሰው ነበር፤ ገዥ በስልክ ይፈለጋል፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ዝውውሩ በባንኩ የአክሲዮን ክፍል ይመዘገባል። ኮን ቁጭ ብሎ ገዥ መፈለግ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። የቸኮለ ሻጭ በተጻፈበት ዋጋ ይለቃል፤ 10 ቦነሶችን በ1,000 ብር ሸጣ 10,000 ብር ብታገኝ፣ በመዝገብ 12,800 የሚያወጣ ንብረት ሰጠች ማለት ነው። ያችው 2,800 ብር በሌላ በር ወጣች።

ስለዚህ ቦነስ የትንሹን ባለአክሲዮን ሀብት የሚጠብቀው ተመጣጣኝ ዋጋ የሚሰጥ ገበያ ሲኖር ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም ቀዳሚው ተመዝጋቢ ሆኗል። ዋጋ በአደባባይ ሲታይ የተጻፈው 1,000 ብር የሽያጭ መነሻ መሆኑ ይቀራል፤ ሻጭም ገዥም የሚነጋገሩት ባንኩ ስለያዘውና ወደፊት ስለሚያተርፈው ነገር ይሆናል።

ለትናንሽ ባለአክሲዮኖች አንድ የሥራ ጉዳይ ላንሣ። አማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ሰፊ የባለቤትነት መሠረት ጥቂት አክሲዮን ብቻ ያለው ሰው ይበዛል። ለየ4 አክሲዮን 1 ሲሰጥ፣ 3 አክሲዮን ያለው ሰው የሚደርሰው ሦስት ሩብ ነው። ሽርፍራፊው በጥሬ ገንዘብ ይተካል? ተጠራቅሞ ይሸጣል? ወይስ ይጠፋል? ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ካላሰፈረው፣ ቦነሱ ለሁሉም እኩል ደረሰ ማለት አይቻልም።

የዓለም ገበያ ምን አሳየ?

በ1969 እ.ኤ.አ. ፋማ፣ ፊሸር፣ ጄንሰንና ሮል የተባሉ አራት ተመራማሪዎች በኒውዮርክ ገበያ ከ1927 እስከ 1959 የተደረጉ 940 የአክሲዮን ክፍፍሎችን፣ ማለትም እንደ ቦነስ ሁሉ አዲስ ገንዘብ ሳይገባ የአክሲዮን ብዛት የጨመረባቸውን ውሳኔዎች፣ መረመሩ፤ በአክሲዮን የተከፈሉ ትላልቅ የትርፍ ድርሻዎችም ተካተዋል። ዋጋው የጨመረው በአብዛኛው ከክፍፍሉ በፊት፣ ድርጅቶቹ ጥሩ እየሠሩ በነበረበት ጊዜ ነው። ከክፍፍሉ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ፤ የትርፍ ድርሻቸውን ከፍ ያደረጉት ዋጋቸውን ያዙ፣ ያላደረጉት ወረዱ። ገበያው የአክሲዮኑን መብዛት ያየው «የሚከፈለን ሊጨምር ነው» የሚል ፍንጭ አድርጎ ነበር። ፍንጩ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ዋጋው ተመለሰ።

የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን በፌት ድርጅት በርክሻየር ሃታዌይ ደግሞ ዋናውን አክሲዮኑን እንዲህ ከፋፍሎት አያውቅም። የአንዱ ዋጋ በ2022 እ.ኤ.አ. ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ባለቤቶቹ ለአሥርት ዓመታት ቦነስም የትርፍ ድርሻም ሳያዩ የበለጸጉት ድርጅቱ ውስጥ የቀረው ትርፍ ጥሩ ቦታ ስለዋለ ነው።

ውስጥ የቀረው ብር ምን ይሠራል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጉባኤው 1 ቢሊዮን ብር ወደ ካፒታል ሲያዞር ነጋዴዋን ሳይጠይቅ 10,000 ብሯን ተበድሯታል ማለት ይቻላል። ያ ገንዘብ በባንኩ እጅ ከእሷ እጅ የተሻለ ካፈራ ሀብት ተፈጠረ፤ ካላፈራ ባከነ። የቦነስ ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

መመዘኛው ባንኩ በባለአክሲዮኖች ሀብት ላይ በዓመት የሚያተርፈው መቶኛ ነው። በምሳሌያችን 1.3 ቢሊዮን በ6.4 ቢሊዮን ላይ 20 በመቶ ገደማ ነው። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ወለል ካደረገው 7 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ያማረ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት 20 በመቶ ያተረፈ ባንክ ባለቤቶቹን በመግዛት አቅም ወደ ኋላ አስቀርቷቸዋል፤ ምስር ገዝታ ጎተራ ያቆየች ነጋዴ ልትበልጠው ትችላለች።

የ5 ቢሊዮኑ መመሪያ ራሱ ይህን ያሳያል። በወጣበት ወቅት ዶላር 42 ብር ገደማ ስለነበረ መጠኑ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ፤ ያው 5 ቢሊዮን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። በእነዚያ ዓመታት አክሲዮናቸው በቦነስ የበዛላቸው ባለቤቶች የቁጥሩን ዕድገት ከብሩ መውደቅ ጋር ካላስተያዩት፣ የደረሰባቸውን ኪሳራ እንደ ትርፍ ይቆጥሩታል።

ካፒታል ጥቅም የለውም ለማለት አይደለም። ለአንድ ተበዳሪ የሚፈቀደው የብድር ጣሪያ በባንኩ ካፒታል ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰላ፣ ካፒታሉ የጠነከረ ባንክ ትልልቅ ደንበኞችን መያዝ ይችላል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕጉ በተከፈተበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ አቅም የሌለው ባንክ ይዋጣል። ትርፍ ወደ ካፒታል ሲዞር ተመልሶ እንደ ትርፍ ድርሻ ሊከፋፈል ስለማይችል፣ ቦርዱ «ይህ ገንዘብ ለሥራ ነው» ብሎ ራሱን ያስራል። እንዲህ ያለ ቃል የሚመዘነው ግን በቀጣዮቹ ዓመታት ሪፖርት ነው።

ለኮኗ ነጋዴ የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በ10 ቦነስ አክሲዮኖች አልበለጸጉም፤ ነገር ግን በ1,000 ብር ለሌላ ሰው ከሚሸጡ ይልቅ ለእርስዎ መሰጠታቸው ይሻላል። በሚቀጥለው ጉባኤ የወንድምዎ ልጅ እጁን አውጥቶ ሦስት ነገር ይጠይቅልዎ፦ ከአምና ወዲህ የአንድ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ፣ ቦነሱ ተስተካክሎለት፣ ምን ያህል አደገ? ባንኩ በባለአክሲዮኖች ሀብት ላይ ያተረፈው መቶኛ ከዋጋ ንረቱ ይበልጣል? ወደፊት አዲስ አክሲዮን ከወጣስ በስንት ብር ይሸጣል? ሦስቱም ቦርዱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቁጥሮች ስለሆኑ በዚያው ስብሰባ ሊመልሳቸው ይችላል። ካልመለሰ፣ ካፒታል ለማሳደግ የሚቀርበውን የውሳኔ ሐሳብ ላለማጽደቅ በቂ ምክንያት አለ፤ ውክልናውም ለዚህ ነው የተሰጠው።